ሬዲዮ ዝም ያለበት ዓመት

ከዚያ ሰፈር የወጣ ጎልማሳ ሁሉ፣ ልጅ ሳለ ፀጉሩን ማን ይቆርጠው እንደነበር ብትጠይቁት «ሬዲዮ ነዋ!» ይላችኋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ የለም። ስሙ የንግድ ፈቃዱ ላይ ተጽፎ ከመስታወቱ ጎን ተሰቅሎ ነበር፤ ነገር ግን የሳሙና አረፋ እየተረጨበት ስለደበዘዘ፣ ስንት ዓመት ሙሉ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራ የጠበቀ ሰው እንኳ አንብቦት አያውቅም። ሬዲዮ የተባለው በአፉ ነው። ጠዋት በሩን ሲከፍት የጀመረው ወሬ ማታ ሲዘጋም አያልቅም ነበር።

ቤቲቱ ዛሬ ሞባይል ይጠገንባታል። ያኔ ግን አልኮልና የታልክ ዱቄት የምትሸት፣ ከበሩ ጀምሮ እስከ መስታወቱ ስድስት እርምጃ የማትሞላ ጠባብ ፀጉር ቤት ነበረች። ሁለት ወንበር ነበራት። አንደኛው ሬዲዮ ከአባቱ የወረሰው፣ በእግር ሲረገጥ ከፍና ዝቅ የሚል ከባድ የብረት ወንበር ነው። ሁለተኛውን ለምን እንደገዛው እሱም አያውቅም፤ ቆራጩ አንድ እሱ ብቻ ነው። ደንበኛው ሁሉ በአባቱ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ተራ ይጠብቃል እንጂ ያኛውን ዞር ብሎ አያየውም።

ወሬው የሥራው ግማሽ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አባቱ እንዲያ ነው ያስተማሩት። «ሰው ከተጨነቀ አንገቱ ይገተራል። አንገቱ ከተገተረ ምላጩ ይስታል። ስለዚህ አውራው፣ አንገቱ ሲላላ ያኔ ቁረጥ» ይሉት ነበር። ሬዲዮም ይህን ምክር እንደ መሐላ ያዘ። የኳሱን ያወራል፣ የዝናቡን ያወራል፣ የትኛው መንገድ ሊቆፈር እንደሆነ ያወራል። ይህ ሁሉ ሲያልቅበት ደግሞ ከቤቱ ያመጣል። ከቤቱ የሚያመጣው ወሬ ሁሉ ስለ አንዲት ልጁ ነበር።

ሚጡ ይላታል። እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ፀጉር ቤቱ ትመጣ ነበር። ቦርሳዋን አግዳሚው ሥር ወርውራ ያ ሥራ ፈት ወንበር ላይ ትወጣና እግሯን እያወዛወዘች ውሎዋን አንድ በአንድ ትነግረዋለች። ማን ከማን ተጣላ፣ የስፖርት አስተማሪው ሱሪ የት ቦታ ተቀደደ፣ ከሰሌዳው ጀርባ ያለው ጨለማ የዕቃ ክፍል እንዴት እንደሚያስፈራት፣ ሁሉንም ትነግረዋለች። ሬዲዮ በሕይወቱ አፉን ዘግቶ የሚሰማው ሰው እሷ ብቻ ነበረች። መቀሱ እንኳ ቀስ ይል ነበር። ዛሬ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ምላጭ መንካት ካቆመ በኋላ፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ በብዛት ትዝ የሚለው ያ ሰዓት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ የልጆቹ ጫጫታ ከመንገዱ ማዶ ሲሰማ፣ አሁን ትገባለች እያለ በሩን በመስታወቱ ውስጥ የሚያይበት ሰዓት።

ሰባተኛ ክፍል ስትገባ መምጣት አቆመች።

መጀመሪያ ሰሞን የቤት ሥራ በዝቶባት ነው አለ። ቀጥሎ ከማዶው የእግረኛ መንገድ አንገቷን ደፍታ ስታልፍ አያት። በሩ ላይ ወጥቶ «ሚጡ!» ብሎ ሲጣራ እርምጃዋን ጨመረች። አድጋ ነው፣ ያባቷ ሥራ አሳፍሯት ነው ብሎ ነገሩን በሆዱ ያዘው። በሆዱ ያዘው ስል ያው እንደ ሬዲዮ ነው፤ በዚያው ቀን ለሰባት ደንበኛ ነግሯል።

ስለ ትምህርቷ ግን አልሰጋም ነበር። የክፍሏ ኃላፊ የሂሳብ መምህሩ ሲሆን፣ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ጢሙን የሚላጨው እዚያው ነው። ሬዲዮም አገጩን በአረፋ ሸፍኖ፣ አንገቱን ወደ ኋላ አስደግፎ፣ ምላጩን ጉሮሮው ላይ ካሳረፈ በኋላ ሁልጊዜ ይጠይቀዋል።

«መምህር፣ ልጄ እንዴት ናት?»

«እም» ይላል መምህሩ።

«ጎበዝ ናት፣ አይደል?»

«እምም።»

«ብያለሁ!» ይልና ሬዲዮ በደስታ ወደ ወሬው ይገባል። እስካሁን መብራት ሳይበራላት እንደማትተኛ፣ ክፍልፋይ አልገባኝ ብሏት ወጥ ቤት ውስጥ ተደብቃ እንዳለቀሰች፣ እናቷ እንዴት እንዳባበለቻት ይነግረዋል። መምህሩ በአረፋው ውስጥ ፈገግ ይላል። ሬዲዮ ልጁን ያስወደደ ይመስለዋል።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲያልቅ ወላጆች ተጠሩ። ሬዲዮ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ለልጆች በተሠራ አጭር ዴስክ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። መምህሩ ካርዱን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጎ ሰጠው። ሬዲዮ አየው። እንደገና አየው። ከሃምሳ ስድስት ተማሪ ሃምሳ አንደኛ። ሂሳብ ሃያ ዘጠኝ፣ በቀይ።

«የኔ ልጅ ካርድ አይደለም» አለ።

«የእርስዎ ልጅ ነው ጋሼ።»

«በየሁለት ሳምንቱ አይደለም እንዴ የምጠይቅዎ? ደህና ናት አላሉኝም?»

መምህሩ ሳይወድ በእጁ ጉሮሮውን ዳበስ አደረገ። «ጋሼ፣ ምላጩን እዚህ ላይ አድርገው 'ጎበዝ ናት አይደል' ሲሉኝ ምን ልበል? እም ነው ያልኩት።»

ሬዲዮ ይህን ያህል ዘመን ሰው ላጭቶ፣ ምላጭ ሥር ያለ ሰው የሚሰጠው መልስ መልስ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባው። መምህሩ ቀጠለ። ልጅቱ ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም፣ ሰሌዳ ላይ ስትጠራ ትደነግጣለች፣ ያልገባትን አትጠይቅም። በሁለተኛው መንፈቅ ሂሳብን ካላለፈች ሰባተኛን ትደግማለች።

ቤት ሲደርስ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ጮኸ። ሚጡ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እናቷ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት፤ እጇ በሳሙና ተልጦ፣ ድካሟ ከዓይኗ ሳይለቅ ካርዱን አንስታ አየችው።

«ቀስ በል፣ ጎረቤት ይሰማል» አለችው።

«ይስማ!»

«እሱስ ነገ ካንተው ይሰማል» አለችና ካርዱን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

የጮኸው ፈርቶ ነው። እሱ ራሱ ስምንተኛ ክፍልን አልጨረሰም። ሁለቴ ወደቀና አባቱ እጁን ይዘው አምጥተው ያ የብረት ወንበር አጠገብ አቆሙት፤ መጥረጊያ ሰጡት። ሥራውን አልጠላውም። ያን ሰኞ ጠዋት ግን አይረሳውም። የወለሉን ፀጉር እየጠረገ ሳለ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሰማ። ከእሱ ጋር ሲጫወቱ የነበሩት ልጆች ሁሉ እየሮጡ ገቡ፣ መንገዱ ጭር አለ፣ እሱ መጥረጊያውን ይዞ ውጪ ቀረ። ይህን ለሰው ነግሮ አያውቅም። ያ ሁሉ ወሬ ሲወራ ይህ አንድ ነገር ከአፉ አልወጣም። ልጁ ያን ደወል ከውጪ ሆና እንዳትሰማው ነበር ፍርሃቱ።

ስለዚህ መላ መታ። ከትምህርት ቤት እንደወጣች በየቀኑ ፀጉር ቤቱ መጥታ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ በዓይኑ ሥር ታጠናለች። አፈንግጣ መሄድ የለም።

እንግዲህ ከዚህ የባሰ ማጥኛ ቦታ በዓለም ላይ ቢፈለግ አይገኝም። የገባው ሰው ሁሉ «ይቺ ልጅ ምን ትሠራለች?» ይላል፤ ሬዲዮም ከሃምሳ ስድስት ሃምሳ አንደኛ እንደወጣች፣ ሃያ ዘጠኝ እንዳመጣች፣ ከዚህም በኋላ እንዴት እንደሚጠብቃት አንድ ሳያስቀር ያስረዳል። ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» ይላታል። ሥጋ ሻጩ፣ እሱ ልጅ ሳለ ያለ ደብተር እንዴት ሒሳብ ይሠራ እንደነበር ይተርካል። አንድ ሾፌር ዓሣ ብትበላ ጭንቅላቷ ይከፈታል አለ። ሁሉም ለደግ ነው። ሚጡ ደብተሩን ወደ ፊቷ አስጠግታ ሽምቅቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ገጹ ግን አይገለበጥም። በሦስተኛው ሳምንት የመጣው ፈተና ውጤት አሥራ ስምንት ነበር።

ሬዲዮ ያን ቀን ፀጉር ቤቱን በአሥር ሰዓት ዘጋ። ይህ ሆኖ አያውቅም። አባትና ልጅ ጎን ለጎን፣ ሳይነጋገሩ፣ የእንጨት መጋዘኑን አጥር ይዘው ወደ ቤት ሄዱ። የተሰነጠቀ እንጨት ሽታ ነበር። መሃል ላይ ሚጡ ቆመች።

«አባዬ፣ ነገ ፀጉር ቤት አልመጣም።»

«ለምን?»

«አልመጣም በቃ።»

«የኔ እናት፣ ምን አጠፋሁ? ንገሪኝ እስቲ። ድሮ ሁሉን ትነግሪኝ ነበር።»

«እሱ ነው እኮ ነገሩ!» አለች። «መብራት የጠፋ ቀን መምህሩ ምን እንዳለ ታውቃለህ? 'እዚህ መሃል ጨለማ የምትፈራ ልጅ አለች፣ መጋረጃውን ክፈቱላት' አለ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ማን ነገረው? በክፍልፋይ እንዳለቀስኩ የሥጋ ሻጩ ልጅ ያውቃል። ማን ነገረው? አምና የክፍላችን ልጅ የፍቅር ወረቀት እንደጻፈልኝ ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ። በማግሥቱ ልጁ ራሱ መጥቶ 'ለሬዲዮ ነገርሽው?' አለኝ።»

ሬዲዮ እጁን ዘርግቶ አጥሩን ያዘ።

«አልገባኝም ብዬ ብጠይቅ መምህሩ ላንተ ይነግርሃል። አንተ ደግሞ ለሁሉም ትነግራለህ። ስለዚህ አልጠይቅም። ዝም ብዬ እቀመጣለሁ» አለችና ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ ቀድማው ሄደች።

ሬዲዮ አጥሩን ተደግፎ ብዙ ቆመ። እነዚያን ዘጠኝ ሰዓት ተኩሎች አሰበ። ያቺ እግሯን እያወዛወዘች የምትነግረው ነገር ሁሉ፣ በማግሥቱ ለማያውቀው ሰው አንገት ማላሊያ ሆኖ አልቋል። ልጁን ስለሚወድ ነበር የሚያወራላት፤ መውደዱ እውነት ነው። ያደረገባት ነገርም እውነት ነው። አለቀሰ፤ እንጨት ጫኝ አንድ ሰው አይቶት ፊቱን አዞረለት።

በማግሥቱ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄደና መምህሩን ኮሪደር ላይ አቆመው። ምላጭ የለም፣ አረፋ የለም፤ ሁለቱም እኩል ቆመዋል።

«መምህር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስለ ልጄ የነገርኩዎትን ሁሉ እንዳልሰሙት ይቁጠሩልኝ። ከእንግዲህ ወዲህም ብነግርዎ አይስሙኝ።»

መምህሩ ፊቱ ቀላ። «እኔ እኮ ጋሼ፣ ቀልድ መስሎኝ ነው። ልጆቹ ትንሽ እንዲስቁ ብዬ ነበር።»

«ስቀዋል» አለ ሬዲዮ።

መምህሩም ማክሰኞና ሐሙስ ከክፍል በኋላ ከሚያስቀራቸው ሦስት ልጆች ጋር ሚጡንም እንደሚያስቀር፣ እዚያ ያለ አንዳች ቀልድ የፈለገችውን ትጠይቀው ዘንድ እንደሚነግራት ቃል ገባ። ሬዲዮ አመስግኖ ወጣ። የሚቀረው የራሱ አፍ ነበር።

እሱ ግን ቀላል አልሆነም። ፖስተኛው ተቀምጦ «ልጅህስ?» ሲለው «ደህና ናት፣ ቀና ይበሉ» ይላል። «ሂሳቡስ?» «ቀና ይበሉ።» ሰው ታሟል ብሎ ጠረጠረ። ፀጥታው ደንበኛውን አስጨነቀ፣ አንገቱ ተገተረ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሬዲዮ ሁለት አገጭ ጫረ፣ አንድ ጆሮ አደማ። አባቱ እውነታቸውን ነበር፣ ያለ ወሬ አይሆንም። የኳሱ ወሬ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ የዝናቡም እንዲሁ። አንድ ቀን ሥጋ ሻጩን እየላጨ ወሬ ሲያልቅበት፣ ሳያስበው የራሱን አመጣ። «እኔ ስምንተኛን ሁለቴ ወድቄአለሁ፣ ታውቃለህ?» አለው። የደወሉን ነገር ነገረው፤ መጥረጊያውን፣ ጭር ያለውን መንገድ። ሥጋ ሻጩ በመስታወቱ ውስጥ አየው፣ አንገቱም ላላ አለ። ቀስ ብሎ «እኔም እኮ አራተኛ ላይ ነው ያቆምኩት» አለ። ያለ ደብተር ሒሳብ የሠራበት ምክንያት ለካ ደብተር ስላልነበረው ነው።

ከዚያ ወዲያ ሬዲዮ ከቤቱ ማምጣት ትቶ ከልጅነቱ ያመጣ ጀመር። ልጅ ሳለ እሱም ጨለማ ይፈራ እንደነበር ሳይቀር ሰፈሩ አወቀ።

ሚጡ ፀጉር ቤት መምጣት ቀረላት። ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ራቱ እስኪደርስ ታጠናለች፤ እሱም ከፊት ለፊቷ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። መጀመሪያ ጥላው አስጨነቃት። ቀጥሎ አንድ ማታ ደብተሯን ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ይሄ ከላይ የነበረው ቁጥር ምን አጥፍቶ ነው ወደ ታች የወረደው?» ብሎ ጠየቃት። ጥያቄው ከልቡ ነበር። ሚጡ ሳቀች። ስንት ወር ሙሉ ያልሰማው ሳቅ ነው። ልታስረዳው ሞከረች፣ አልገባውም፤ እንደገና ሞከረች። በሦስተኛው ላይ ራሷ የተሳሳተችበትን አገኘችና ላጲሷን አነሳች። እናቷ ከምድጃው ዞር ብላ ሁለቱን አየቻቸውና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

የዓመቱ መጨረሻ ካርድ የተሰጠ ቀን ቅዳሜ ነበር። ፀጉር ቤቱ ሞልቷል። ሬዲዮ የፖስተኛውን ግማሽ ፊት ላጭቶ ሌላውን አረፋ እየቀባ ሳለ ሚጡ ከበሩ ላይ «አባዬ፣ አንዴ ና» አለችው። ብሩሹን እንደያዘ ወጣ። ከግድግዳው ጥግ ወስዳ ካርዱን ሰጠችው። የሂሳቡን ቁጥር ፈለገ፤ ሲያገኘው ጥቁር ነበር። ከታች «ወደ ስምንተኛ ክፍል ተዛውራለች» ይላል። ልጁን አቅፎ፣ ብሩሹን እንደያዘ ረስቶ፣ ጀርባዋን በሙሉ አረፋ አደረጋት።

«ስንት እንዳመጣሁ ለማንም እንዳትናገር» አለችው ጆሮው ሥር።

«ለማንም።»

ተመልሶ ገባ። አግዳሚው ላይ ያሉት አምስት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ያዩታል። ፖስተኛው ግማሽ ፊቱ ነጭ እንደሆነ ቀና አለ።

«አለፈች?»

«አለፈች።»

አግዳሚው በአንድ ድምፅ እሰይ አለ። ሥጋ ሻጩ ጉልበቱን መታ።

«ስንት አመጣች ታዲያ? ሂሳብ ስንት?» አለ ፖስተኛው።

ያ ቁጥር በሬዲዮ አፍ ውስጥ ነበር። ከምላሱ ጫፍ ደርሷል። በዕድሜው ሙሉ እንደዚያ ሊናገረው የፈለገው ነገር አልነበረም፤ ጣራ ላይ ወጥቶ ቢጮኸው ደስታው ነበር። አፉ ተከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዋጠው።

«ቀና ይበሉ» አለ።

«አንድ ቁጥር እኮ ነው ሰውዬ!»

«ፖስተኛ፣ አገጭዎን ቀና።»

ምላጩን ሲያነሳ በመስታወቱ ውስጥ አያት። አልሄደችም ኖሯል። በሩ ላይ ቆማ፣ ጀርባዋ አረፋ እንደነካው፣ ሁሉንም ስትሰማ ነበር። ገብታ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ከሥጋ ሻጩ ጎን ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ስትጨርስ የምነግርህ ነገር አለኝ» አለችው።

ሬዲዮ የሰው ፊት እንደዚያ ቀን አጣድፎ ላጭቶ አያውቅም። ፖስተኛው ከግራ ጆሮው ሥር ሳይላጭ የቀረ አንድ ጣት የሚያህል ጢም ይዞ ወጣ። ሌሎቹንም «ከሰዓት በኋላ ኑ» ብሎ በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘጋባቸው፤ ውጪ ሆነው በመስኮት ሊያዩ ሲሞክሩ መጋረጃውን ሳበ። አባትና ልጅ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩ።

ምን እንደነገረችው ሚስቱ ያን ቀን ጠየቀችው። በማግሥቱም ጠየቀችው። ሚጡ ዛሬ የራሷ ልጅ አላት፣ እናቷ ግን ያቺ ቅዳሜ ትዝ ባለቻት ቁጥር አሁንም ትጠይቀዋለች። እሱም በረንዳው ላይ ፀሐይዋን እየሞቀ «ልጅሽን ጠይቂያት» ይላታል።